አምስተኛውና ስድስተኛው ሻማ

ጋሽ ደምሴ ማረፉን የሰማሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን የምሠራበት ሱቅ ውስጥ፣ የወረቀት ኮከቦች ጣሪያው ላይ እየሰቀልኩ ነበር። ኅዳር እንኳ አላለቀም፤ ሱቅ ግን ገናን አይጠብቅም፣ ቀድሞት ይሄዳል። ከላይ የገና ዘፈን ይንቆረቆራል፣ ከታች አለቃዬ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ እያለች ታዘኛለች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ህሊና ናት፣ የጋሽ ደምሴ ልጅ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ስንዱ፣ አባዬ…» አለች።

ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ኮከቡን እንደያዝኩ ከመሰላሉ ወረድኩ። አለቃዬ ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ ጋሽ ደምሴን በጀርመንኛ ምን ብዬ እንደምገልጸው ጠፋኝ። ዘመዴ አይደለም። ጓደኛዬ እንዳልል በዕድሜ አባቴን ያህላል። «ሻማ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሞተ» አልኳት። ምን ዓይነት መልስ ነው! እሷም ግራ ገብቷት ውሃ አመጣችልኝ፤ እኔም ውሃውን ይዤ ኮከቦቹ መሀል ተቀመጥኩ።

እውነቱን ለመናገር የጋሽ ደምሴ ሥራ ሻማ አልነበረም። ጉልበቱን የጨረሰው ጄኔቭ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ካፌቴሪያ፣ ድንች ሲልጥና ሾርባ ሲያማስል ነው። እዚያው ነው ያገኘሁት። እሱ ከአዲስ አበባ ከወጣ ዘመን አልፎታል፤ እኔ ደግሞ ገና መምጣቴ ነው፣ ፈረንሳይኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ሚስቱ ህሊናን ትንሽ ልጅ ሳለች ጥላበት ስለሞተች፣ ሻትሌን በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማ ልጁን ያሳደገው ብቻውን ነበር። ፀጉሯን ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ተምሮ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። «ጠማማ ነበር የሚወጣልኝ፤ እሷ ግን ዝም ብላ ትምህርት ቤት ትሄድበት ነበር» ይለኝና ይስቃል።

ረጅም ነው፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ። አንድ ነገር ሲጠይቁት ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ የቀኝ እጁን ሦስቱን ጣቶች ክር እንደሚያከር ሰው ያፍተለትላል። እኔ ችኩል ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን ያ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ሽንኩርቱ የት ነው ስለው ጣቱን ያፍተለትላል። እስኪነግረኝ ድረስ ሽንኩርቱን ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ። በዕድሜው «እርስዎ» ልለው ብል ደግሞ አይወድም። «እርስዎ ያልሽኝ ዕለት ጡረታዬን አስገብቼ እሄዳለሁ» አለኝ። እኔም ሰጋሁና በአንተ ቀጠልኩ።

ያ ወጥ ቤት ታኅሣሥ ሲገባ ሌላ ቦታ ይሆን ነበር። ከየአገሩ የመጣን ሰዎች ነን፤ ሁሉም ወደ ገናው በየራሱ መንገድ ይቆጥራል። ገንዘብ ተቀባይዋ ከዴንማርክ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ቀኖች የተጻፉበት አንድ ረጅም ሻማ አላት። በየጠዋቱ ትለኩሰውና የዕለቱ ቁጥር ሲቀልጥ እፍ ትለዋለች። ሰው በዝቶባት ከረሳችው ሁለት ቀን በአንዴ ይነድባታል፤ ያን ዕለት ሲከፋት ትውላለች። ዕቃ የምታጥበዋ ፊሊፒናዊት ደግሞ በመስከረም ነው የገና መዝሙር የምትጀምረው። ከማጠቢያው ማሽን በላይ በቀለም ወረቀት የተሠራ ኮከብ ሰቅላ፣ እንፋሎቱ መሀል ስታንጎራጉር ትውላለች። ዋናው ወጥ ሠሪ ፖላንዳዊ ነው። እነሱ በገና ዋዜማ ማዕዱ ላይ አንድ ትርፍ ሳህን ያስቀምጣሉ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣ ሰው። ይህን የነገረን ቀን ጋሽ ደምሴ ማማሰያውን አስቀምጦ ደጋግሞ አስነገረው።

ጄኔቮችም የራሳቸው አላቸው። ከገና በፊት፣ ከተማቸው ከጠላት የዳነችበትን ቀን ያከብራሉ፤ ከቸኮላት የተሠራ ድስት ያመጡና በቤቱ ውስጥ ካሉት ትልቁና ትንሹ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሰብሩታል። በዚያ ዓመት ትልቁ እሱ፣ ትንሿ እኔ ሆንን። እጄን ይዞ ከፍ አደረገና ጓ! ድስቱ ብትንትን አለ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ቸኮላቱ ወተት አለበት፤ የነቢያት ጾም ነው። ድስቱን እኛ ሰብረን ሌላው በላው። ጋሽ ደምሴ ግን የድርሻችንን ቁርጥራጭ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ሎከሩ ውስጥ አስቀመጠና፣ በእኛ ገና ማግስት አውጥቶ ሰጠኝ። ነጭ ነጭ ብሎ የሻገተ የመሰለውን ቸኮላት ስበላ ወዳጅነታችን ያን ቀን ተጀመረ።

«ዓለም በሙሉ እየቆጠረ ነው፣ አየሽ» አለኝ። «የሚዘገይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበው ግን ያ ፖላንዳዊ ብቻ ነው።»

ያኔ ነገሩ ልቡን ለምን እንደነካው አላወቅኩም። በኋላ ነው የገባኝ።

ህሊና ትምህርቷን ጨርሳ ዙሪክ ሥራ ያዘች፤ እዚያም ኡርስ የሚባል የአገሬውን ልጅ አገባች። ሰርጉ ላይ ጋሽ ደምሴ እስክስታ ወርዶ የኡርስን ዘመዶች ሁሉ አስነሥቷል። ነገሩ የተበላሸው ከሰርጉ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ገና፣ በእነሱ ገና ነው። የኡርስ እናት ወይዘሮ ሄዲ አዲሱን ዘመዳቸውን ለማክበር ብለው ትልቅ ግብዣ አዘጋጁ። እዚህ አገር በገና ምሽት ብዙ ቤት የሚቀርበው፣ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ ነው፤ ገበታው መሀል በሚፈላ መረቅ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። ቀኑ ግን በእኛ ጾም ነው፤ ገናችን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

ህሊና ጾሙን አጥታው አይደለም፣ ከአባቷ ጋር እየጾመች ነው ያደገችው። ለአንድ ቀን፣ ለእኔ ሲል ይበላል ብላ ተማመነች፤ ለአማቷ መንገር ደግሞ አፈረች። እሱ ደግሞ ልጄ ነግራቸዋለች ብሎ መጣ። ሥጋው ሲቀርብ ጾመኛ ነኝ ማለት ሊወጣው አልቻለም። ለእሱ ጾሙን በሰው ገበታ ላይ ማወጅ ጉራ ነው። «አልራበኝም» አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሄዲ አንዴ ለመኑት፣ ሁለቴ ለመኑት፣ ከዚያ ሳህኑን አነሡት። ምሽቱን ሙሉ መረቁ ብቻውን ሲፈላ ቆየ። ይህን ከአባትም ከልጅም ለየብቻ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱም የመረቁን ድምፅ አልረሱትም።

ኮሪደር ላይ ህሊና «አዋረድከኝ» አለችው። እሱም፣ ያ ጣቱን ሳያፍተለትል የማይመልሰው ሰው፣ ያን ቀን ወዲያው መለሰ። «እኔ የማውቀው ገና ሌላ ነው። የእናንተን ለእናንተ» ብሏት ኮቱን ለበሰና በባቡር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ አልቀረቡም። እሷ፣ መጥቶ ወይዘሮ ሄዲን ይቅርታ እስኪጠይቅ አልጠራውም አለች። እሱ፣ ሳልጠራ የሰው ደጅ አልረግጥም አለ። አንዱ የሌላውን እግር ሲጠብቅ ዓመታት ነጎዱ። ግትርነቱን ከማን ወረሰችው ብዬ አልጠይቅም፤ ሁለቱም ሲናደዱ ያቺኑ አገጫቸውን ነው የሚያነሡት።

በመሀሉ እኔ ወደ ዙሪክ ተዛወርኩ። ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ዜባህ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ። አጋጣሚ ሆኖ የህሊና ቤትም ከእኔ ጥቂት ማቆሚያ ብቻ ነው የሚርቀው። ያን ዓመት፣ እነሱ አድቬንት በሚሉት፣ ገናን በሚጠብቁበት ሰሞን መጀመሪያ ላይ ጋሽ ደምሴ ሊጠይቀኝ መጣ። የመጣው ለእኔ እንዳልሆነ ባውቅም ደስ አለኝ። በዚያ ሰሞን ዙሪክ ጭጋግ ለብሳ ነው የምትውለው፤ ከተማው የት አልቆ ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይለይም። ሐይቁ ዳር ወደተተከለው ትልቅ ድንኳን ወሰድኩት። የከተማው ሰው በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ሻማውን በገዛ እጁ የሚሠራበት ድንኳን ነው።

ገና መግቢያው ላይ ቆም አለ። የማር ሰም ሽታ ነው። ውስጥ የቀለጠ ሰም የሞላባቸው ጋኖች አሉ፤ ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ባለ ኮቱ ሁሉ ክር አንጠልጥሎ ይሰለፋል፣ አንዴ ይነክራል፣ ያወጣል፣ እስኪቀዘቅዝ ዞሮ ይመጣል፣ እንደገና ይነክራል። ማንም አይጮህም። ሁሉም ዓይኑን ክሩ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይዞራል። ጋሽ ደምሴ ልጅ ሳለ፣ ሰፈሩ ላለው ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩ አንድ አሮጊት ነበሩ፤ ክሩን እያከረረ የሚያቀብላቸው እሱ ነበር። ያ ሁልጊዜ የሚያፍተለትለው ጣቱ ከየት እንደመጣ ያን ዕለት አወቅኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ክር ሳይኖር ክር ሲያከር ኖሯል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንፋሎቱ ነው አልኩት።

እኔ ቶሎ እንዲወፍርልኝ ብዬ ደጋግሜ ስነክር፣ የፊተኛው ሰም እየቀለጠ ይመለሳል። «ይቀዝቅዝ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል» አለኝ። የእሱ ቀስ እያለ ወፈረ፤ ግን ጠማማ ሆነ። ሌላው ሰው ሻማው ሳይደርቅ ጠረጴዛ ላይ እያንከባለለ ያቃናዋል። እሱ እምቢ አለ። ሁለት ሠራ፤ ሁለቱም እንደ ሽማግሌ ጣት ቆልመም ያሉ ናቸው። ለማን ነው አልኩት። ጣቱን አፍተለተለ።

«እነሱ በጥድ ጉንጉን ላይ አራት ሻማ አላቸው አይደል፣ በየእሑዱ አንድ የሚጨምሩት?» አለኝ። «አራቱ ሲያልቁ ገናቸው ይደርሳል፣ ጉንጉኑን ይጥሉታል። ያኔ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። እስከ እኛ ገና ድረስ ሁለት እሑድ ይቀራል። እነዚህን ለህሊና ስጫት። የራሷ ካለቁ በኋላ ታብራቸው።»

የጥድ ጉንጉኑን አይቶታል ማለት ነው። ጠዋት እኔ ሥራ ስሄድ ጋሽ ደምሴ ሰተት ብሎ ልጁ ሰፈር ሄዶ፣ ከቤቷ ፊት ያለው ትራም ማቆሚያ ላይ ቆሞ ነበር። መስኮቷ ፎቅ ላይ አይደለም፣ ከመንገዱ ይታያል። የመጀመሪያዋ ሻማ በርታለች። አይቶ ተመለሰ፤ ደጁን አላንኳኳም።

ሻማዎቹን ወሰድኩላት። ህሊና በሩን በግማሽ ከፍታ ተቀበለችኝ፤ ከአባቷ መሆናቸውን ነገርኳት፣ መልእክቱንም እንዳለ አደረስኩ። ጠማማዎቹን ሻማዎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ።

ነገሩ በዚህ ቀረ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም መጣ። ከዚያም በኋላ። በየዓመቱ አድቬንት ሲገባ ከጄኔቭ ይመጣል፣ ድንኳኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ሁለት ጠማማ ሻማ ይሠራል፣ ትራም ማቆሚያው ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን ሻማ ያያል፣ ይመለሳል። እኔ አደርሳለሁ። በጥር ደግሞ ይደውላል። «አበራቻቸው?» ይለኛል። እኔ በምን አውቄ! በጥር ሱቁ የቅናሽ ሰሞን ነው፣ በሌላ አቅጣጫ በአውቶቡስ ገብቼ እንደ ግንድ ነው የምተኛው። ልጠይቃት ስለው ይከለክለኛል። «ከጠየቅሻት ለእኔ ብላ ታበራለች። ተይ» ይለኛል። ታዲያ ለማን ብላ ታብራ? እንዲህ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። እስኪ ጋሼ፣ አንተም ግባ፣ እሷም ትጥራህ፣ እኔን የፖስታ ቤት ሠራተኛ አደረጋችሁኝ አልኩት። ሳቀና አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነገረኝ።

አንድ ዓመት፣ የእኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሲበዛ በረዶ ጣለ። አውቶቡሶች ቆሙ፣ እኔም ትራም ይዤ ዞሬ መጣሁ። ጀንበር ገና መጥለቋ ነው፤ መንገዱ፣ ጣሪያው፣ አጥሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ድምፅ የሚባል የለም። በየደጁ የተጣሉት የገና ዛፎች በረዶ ለብሰው ተጋድመዋል። የህሊና ሰፈር ስንደርስ ትራሙ ቆመ። ቀና ስል መስኮቷ በርቷል። ያ ጉንጉን አልተጣለም። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፤ አራቱ ሻማዎች አልቀው ጉጦቻቸው ብቻ ቀርተዋል። ከእነሱ ጎን፣ ሁለት ጠማማ ሻማዎች እየነደዱ ነው። ደግሞ ጉጦቹም ጠፍተው አልቀሩም፤ ያለቻቸውን ያህል ያበራሉ።

ወረድኩ። ማቆሚያዬ አልነበረም፣ ወረድኩ። ጋሽ ደምሴ በሚቆምባት ቦታ ቆሜ ደወልኩለት።

«በርተዋል» አልኩት።

 ጣቱን እያፍተለተለ እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ርቀት አውቄዋለሁ።

«ስንቱ?»

«ስድስቱም።»

በማግስቱ በቀትር ባቡር መጣ። ዋናው ጣቢያ ስቀበለው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቷል፣ በእጁ ግን ምንም አልያዘም። ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትገባው አልኩት። ሻማዎቹ ቀድመውኛል አለኝ። ትራሙ ውስጥ እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። እኔ ስፈራ ነው አብዝቼ የማወራው፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ሱቁ፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ አወራሁ። አልጠሩትም እኮ። በሩን ብትዘጋበትስ?

በሩን የከፈተው ኡርስ ነው። አየን፣ ወደ ውስጥ ዞረ፣ እንደገና አየን። ከዚያ የጋሽ ደምሴን ኮት ተቀበለ። ገበታው ዙሪያ ህሊናና ወይዘሮ ሄዲ ተቀምጠዋል። ህሊና ብድግ አለች፤ አልቀረበችም፣ አልራቀችም። ያቺን አገጯን አነሣች። እሱም አነሣ። ገበታው ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ዳቦ! በዚያ ቀን እዚህ አገር የሦስቱ ነገሥታት ዳቦ ይበላል፤ እንደ አበባ የተሰካካ ጣፋጭ ዳቦ ነው፣ አንዱ ጉርሻ ውስጥ ትንሽ የንጉሥ ምስል ተደብቋል። ያገኘው ሰው የወርቅ ወረቀት ዘውድ ይደፋና ያን ቀን ያዝዛል። ዳቦውን አውቀዋለሁ፣ ሱቃችን ይሸጠዋል፤ ቅቤና ወተት ነው፣ እንቁላል የተቀባ። የጋሽ ደምሴ ጾም ደግሞ ሊፈታ አንድ ምሽት ይቀረዋል።  ያው ገበታ፣ ያው ሰው፣ ያው ነገር ተመልሶ መጣ።

ኡርስ ወንበር ሳበለት። ወይዘሮ ሄዲ አዩትና ዳቦውን ለሁላችንም ቆረሱ፤ ለእሱም ሳህኑ ላይ አደረጉለት። እሱ እጁን አጣጠፈ። ንጉሡ የወጣው ከወይዘሮ ሄዲ ጉርሻ ነው። ዘውዱን ሽበታቸው ላይ ደፉና በዙሪክ ጀርመንኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ህሊና አቀርቅራ «እማማ፣ ተዪው» አለቻቸው። ኡርስ ግን አልተወም፤ ጋሽ ደምሴ እንዲሰማ በፈረንሳይኛ ተረጎመው።

«እናቴ የምትለው፣ ይህ ዳቦ በየዓመቱ ድርቅ ያለ ነው። በየዓመቱ ህሊናን ቅቤ ጨምሪበት እንላታለን። እሷ ግን እምቢ ትላለች። ሰው ሊመጣ ይችላል ትለናለች።»

ጋሽ ደምሴ ወደ ልጁ ዞረ።

«የጾም ነው» አለችው ህሊና በአማርኛ፣ በዚያ ጄኔቭ ባደገ አማርኛዋ። «በዘይትና በውሃ ነው የማቦካው። ሁልጊዜ።»

ወይዘሮ ሄዲ ዘውዳቸውን አቃኑና በጣታቸው ወደ ሳህኑ አመለከቱ። ንጉሥ ነኝ፣ አዝዣለሁ፣ ይብላ ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጀርመንኛ አያስፈልግም ነበር። ጋሽ ደምሴ አማተበ፣ ቆረሰ፣ ጎረሰ። ቀስ ብሎ አላመጠ። 

«እውነትም ደርቋል» አለ።

ህሊና ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ መጥታ አንገቱ ስር ገባች። እሱም ፀጉሯን እየዳበሰ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ለወይዘሮ ሄዲ ያን ከዓመታት በፊት ያልተናገረውን ነገራቸው፤ ያን ምሽት ጾመኛ እንደነበረ፣ ሳህናቸውን ንቆ እንዳልሆነ፣ መናገር እንደነበረበት። ኡርስ ተረጎመ። ወይዘሮ ሄዲ ሰምተው ሲጨርሱ፣ ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ይፈጃል ወይ አሉ። ትክክል ናቸው። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ስለው የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሳስብ፣ እንደ አንድ ረጅም ሞቅ ያለ ከሰዓት በኋላ ሆነው ነው የሚታዩኝ። በእነሱ ገና ይመጣል፤ ወይዘሮ ሄዲ ለሌላው ሥጋ፣ ለእሱ ምስር ያቀርባሉ። መጀመሪያ የሠሩትን ምስር ሁለት ሳህን በልቶ ማታ ደወለልኝና ጨው በዝቶበት ነበር አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎት ሲያማ ሰምቼው አላውቅም። በእኛ ገና ደግሞ ይቆያል። በመሀሉ ያሉትን ሁለት እሑዶች ሻማዎቹን የሚለኩሰው ራሱ ሆነ። እኔም ከፖስታ ሥራዬ ተሰናበትኩ። አንድ ቀን መስኮቷ ስር ተቀምጠን የመንገዱን መብራት እያየን፣ ትራም ማቆሚያውን አሳየኝና «ከዚያ ሲታይ ይሻላል» አለኝ። ለምን አልኩት። ጣቱን አፍተለተለ፤ መልሱን ሳይነግረኝ ህሊና እራት ቀረበ ብላ ጠራችን።

ዘንድሮ ጾሙ በገባ ሰሞን ደከመው፤ ብዙም አልታመመ። ጄኔቭ ቀበርነው። የድሮ የወጥ ቤት ሰዎቻችን መጥተው ነበር፤ ያቺ ዴንማርካዊት የዘንድሮ ሻማዋን ገና ሳትለኩሰው መቃብሩ ላይ አስቀመጠችለት።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ ብቻዬን ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ክር ተቀብዬ ተሰለፍኩ። አልቸኮልኩም፤ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ዞርኩ፣ ነከርኩ። ሁለት ሻማ ወጣልኝ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ! በጣም ተናደድኩ። ሙቀቱ ሳይወጣ ላጣምማቸው ሞከርኩ፤ አንዱ እሺ አለኝ፣ አንዱ እምቢ። ለህሊና ስሰጣት ገባትና አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ አለች። ቀጥ ያለውን አምስተኛ፣ ጠማማውን ስድስተኛ አደረገችው።

በገናችን ዋዜማ ያው ገበታ ላይ ተሰበሰብን። ውጭ ጭጋግ ነው፤ ማቆሚያው ላይ የቆሙት ሰዎች ጥላ ብቻ ይመስላሉ። ህሊና ዓይኖቿ ቀልተዋል። ኡርስ ቀስ ብሎ፣ ከእንግዲህ ቅቤ ብናስገባበት አባትሽ አይከፋቸውም አላት፤ ክፋት የለውም፣ ሊያበላት ፈልጎ ነው፣ ሰሞኑን እህል አልቀመሰችም። ትንሽ አሰበች። ዳቦው ዘንድሮም በዘይት ነው የተጋገረው፤ ግን ተነሥታ ቅቤውን ከፍሪጅ አወጣችና ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው። እጇ ቢላዋውን ይዞ እላዩ ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ሄዲ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። ቅቤውን አዩት፣ ስድስቱን ሻማ አዩ፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ትራም ማቆሚያው ተመለከቱ።

«መልሺው» አሏት። «ሰው ሊመጣ ይችላል።»